ጉድጓዱ ከመሞላቱ በፊት እንጠይቅ



ባለፈው ሴሚስተር አንዲት የጀመዓችን እህት ማታ ዶርም ድረስ መጣች። ጉንጯ አብጧል፣ በእጇ የታጠፈ ደረሰኝ ይዛለች። መንጋጋ ጥርሷን አስነቅላ ጉድጓዱ ውስጥ «የአጥንት ዱቄት» ተደርጎላታል፤ ላዩ በስስ ሽፋን ተሸፍኖ ድዷ ተሰፍቷል። ደረሰኙ ላይ ያለው «ግራፍት» የሚል ቃልና ዋጋው ብቻ ነው። የጥርስ ሕክምና ተማሪ መሆኔን ስለምታውቅ «ከምንድን ነው የሚሠራው?» አለችኝ። ያንን ደረሰኝ አይቶ መመለስ አይቻልም። እሷ አልጠየቀችም፣ ሐኪሙም አልነገራትም።

ግራፍት የሚገኘው ከአራት ቦታ ነው፦ ከታካሚው ከራሱ አጥንት፣ ከሌላ ሰው አጥንት፣ ከእንስሳ፣ ወይም በፋብሪካ ከካልሲየም ፎስፌት ከመሳሰሉት ይሠራል። ከእንስሳ ከሚገኙት በጣም የታወቀው ባዮ-ኦስ የከብት አጥንት ነው። ከእሱ ጋር አብሮ የሚቀርበው ባዮ-ጋይድ የሚባለው ሽፋን ግን የአሳማ ኮላጅን ነው። ደም ለማቆም ጉድጓድ ውስጥ የሚከተተው ጄልፎም የተባለው ስፖንጅም ከአሳማ ቆዳ የሚወጣ ጄላቲን ነው። እኛ ተማሪዎቹ ይህን ለፈተና እንሸመድደዋለን፤ ወንበሩ ላይ ለተቀመጠው ሰው ግን ትንፍሽ አንልም። እኔም አንዷ ነበርኩ።

«የከብት ከሆነ ችግር የለውም» የሚል አይጠፋም። ነገሩ እንዲያ ቀላል አይደለም። ከብቱ በሸሪዓው ካልታረደ በክት ነው፤ በሻፊዒይ መዝሀብ የበክት አጥንት ነጃሳ ሲሆን ሐነፊዮች ግን አጥንቱን ንጹሕ ያደርጉታል። በሌላ በኩል «አሳማ ከሆነ አለቀ፣ ሐራም ነው» ብሎ መዝጋትም መቸኮል ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. ኩዌት ላይ የተሰበሰቡ ዑለማዎችና ሐኪሞች ባሕርይው ሙሉ በሙሉ የተለወጠ ነገር ሑክሙም ይለወጣል ብለዋል፤ በዚህ የማይስማሙ ዑለማዎችም አሉ። ኢማም አን-ነወዊይም በሚንሃጅ፣ ንጹሕ ነገር አጥቶ አጥንቱን በነጃሳ የጠገነ ሰው ዑዝር እንዳለው ጽፈዋል። ፈትዋው የዑለማዎቹ ነው፤ እኔን የሚያንገበግበኝ «ንጹሕ ነገር አጥቶ» የምትለዋ ናት። አማራጭ መኖር አለመኖሩን ያልተነገረው ሰው ማጣቱን በምን ያውቃል?

አማራጭ ደግሞ አለ። ከሁሉ በፊት ድድ እንዲድን ግራፍት ግድ አይደለም። ጥርስ ሲነቀል ጉድጓዱ በደም ይሞላል፣ ደሙ ይረጋል፤ ቁስሉን የሚያድነው ያ የረጋ ደም ነው። በመጀመሪያው ቀን አፍን በኃይል መጉመጥመጥና ማጨስ የሚከለከለው እሱ እንዳይነቀል ነው፤ ከተነቀለ በሁለት በሦስት ቀን እንቅልፍ የሚነሳ ሕመም ሊመጣ ይችላል። ደህና ከሄደ ድዱ በጥቂት ሳምንታት ይገጥማል፣ ውስጡ በወራት አጥንት ይሞላል። ግራፍት የሚፈለገው ለሌላ ጉዳይ ነው፦ የተነቀለበት አጥንት በአንድ ዓመት ውስጥ ከስፋቱ እስከ ግማሽ ሊቀንስ ስለሚችልና ኋላ ኢምፕላንት ለመትከል ቦታ ስለሚጠብብ። መክሳቱን ይቀንሰዋል እንጂ ጨርሶ አያስቀረውም። ኢምፕላንት ለማያስብ ሰው ብዙ ጊዜ ትርፉ ወጪ ነው።

ለሚያስበውም በፋብሪካ የተሠራው አለ። ከክንዱ ጥቂት ደም ተቀድቶ በማሽን ተሽከርክሮ የሚወጣውን ስስ የረጋ ደም እንደ ሽፋን መጠቀምም ይቻላል። ሁሉም ክሊኒክ ሁሉም አይኖረውም፣ ለሁሉም አፍም አንድ ዓይነት አይስማማም። ይህን ግን ሐኪምና ታካሚ ድዱ ሳይሰፋ ይነጋገሩበት ነው የምለው። የስምምነት ፎርሙ ላይ «ምንጩ፦» የምትል አንዲት መስመር መጨመር ምን ይከብዳል? ለሙስሊሙ ብቻም አይደለም፤ የሌላ ሰው አጥንት አፉ ውስጥ መግባቱን ማወቅ የማይፈልግ ማን አለ?

እህታችን በማግስቱ ተመልሳ ሄደች። ማሸጊያው ላይ የሚመጣው ትንሽ ተለጣፊ ፋይሏ ላይ ተለጥፎ ስለነበር ሐኪሙ ሳያንገራግር አሳያት፦ ዱቄቱ የከብት፣ ሽፋኑ የአሳማ። «ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም» አላት። ኡስታዛችን ጋ ደወለች። ቁስሉን ከፍቶ ማውጣት እንደሚጎዳትና ሽፋኑ በወራት ውስጥ ራሱ እንደሚሟሟ ከሐኪሙ አረጋግጠው «ተዪው፣ ሳታውቂ የሆነ ነው» አሏት። በዚያኛው በኩል የሚነቀል ሌላ ጥርስ አላት፤ ከረመዳን በኋላ ቀጠሮ ይዛለች። እኔም አብሬያት እሄዳለሁ፣ ኢንሻአላህ።