ተሸካሚው ሥራ አልሠራምን?





እኔ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ የማስተምር ሰው ነኝ። ስለ ሥራ በማስተምርበት ቀን፥ «ሥራ ማለት ኃይል ሲባዛ በኃይሉ አቅጣጫ በተኬደው ርቀት ነው፤ ሸክም ይዞ በሜዳ የሚሄድ ሰው በሸክሙ ላይ ሥራ አይሠራም» ብዬ በሰሌዳ ላይ ጻፍሁ። አንድ ተማሪ ተነሥቶ፥ «መምህር፥ ተሸካሚው ሥራ ካልሠራ ላቡ ከየት መጣ?» አለኝ። ክፍሉ ሣቀ። እኔም፥ «በፈተና ላይ ዜሮ ብለህ ጻፍ» ብዬ አስቀመጥሁት። የልጁ አባት በሸክም የሚያድር ሰው መሆኑን የሰማሁት በኋላ ነው። አፈርሁ።

መልሱ አስቸጋሪ አልነበረም። ተሸካሚው ሸክሙን የሚደግፈው ወደ ላይ ነው፤ ጉዞው ግን ወደ ፊት ስለ ሆነ ሸክሙ ከፍ አይልም፥ ጉልበትም አይጨመርለትም። ነገር ግን የሰውየው ጡንቻ ሸክሙን ደግፎ ለመያዝ ከምግብ ያገኘውን ጉልበት ያለ ማቋረጥ ያወጣል፤ ያም ጉልበት ሙቀት ይሆናል። ላቡ ምስክሩ ነው። ጉልበት መልኩን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም። ይህንን በማግሥቱ በአማርኛ ብነግራቸው ክፍሉ ጸጥ ብሎ ሰማኝ።

ችግሩ ከምን እንደ መጣ ሳስበው፥ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ልጆቻችን ቃሉን ሸምድደው ነገሩን ይተዉታል። በአማርኛችንም ብዙውን ነገር «ኃይል» ብለን እናልፋለን። ኃይል የሚገፋው ወይም የሚስበው ነው፤ ጉልበት ሥራ ለመሥራት የሚያስችለው ነው፤ አቅም ደግሞ ሥራው በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሠራ የሚለካበት ነው። በ2017 ዓ.ም. ጳጉሜን የተመረቀው የሕዳሴው ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ሲባል የተነገረን አቅሙ ነው፤ በዓመት የሚሰጠው ጉልበት ግን ተርባይኖቹ በሠሩበት ሰዓት መጠን ይቆጠራል።

ለዚህ ትምህርት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። 20 ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን 3 ሜትር ከፍታ ወዳለው ፎቅ ማውጣት 600 ጁል ያህል ሥራ ነው። 50 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 12 ሜትር ደረጃ በአንድ ደቂቃ ቢወጣ ሰውነቱን ለማንሣት የዋለው አቅም 100 ዋት ይሆናል፤ በግማሽ ደቂቃ ቢወጣው ሥራው ያው ሆኖ አቅሙ 200 ዋት ይሆናል። በየቤታችን ያለው ቆጣሪ የሚቆጥረው አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 3,600,000 ጁል ነው፤ ይኸውም ያንኑ ጀሪካን 6,000 ጊዜ ወደ ፎቅ እንደ ማውጣት ማለት ነው። 3,000 ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ይህንን በ20 ደቂቃ ይጨርሰዋል።

አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ፥ «ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፤ አማርኛው ምን ይጠቅማል?» ይላሉ። ነገሩ የገባው ልጅ ቃሉን በአንድ ቀን ይይዘዋል፤ ቃሉን ብቻ የያዘ ግን ጥያቄው ትንሽ ሲዞርበት ይጠፋበታል። እኔም ተማሪ ሳለሁ እንዲሁ ነበርሁ።

እንግዲህ መምህራን ቀመሩን ከመጻፋችን በፊት ደረጃውንና ሰዓቱን እናሳይ። በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ወላጆችም የመብራት ሒሳብ ስትከፍሉ ወረቀቱን ለልጃችሁ ስጡት፤ ከቆጣሪው ጋር ያስተያየው፤ ምጣዱ ሲጣድና ሲወርድ ቁጥሩን ይመዝግብ። ከጠየቃችሁም፥ እኔ እንዳደረግሁት ዝም አታሰኙት።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር