ለአንድ ቤሪንግ ስንት ፊርማ?

ከቃሊቲ እስከ አቃቂ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉት ፋብሪካዎች ብረት ያቀልጣሉ፣ ክር ይፈትላሉ፣ ዱቄት ይፈጫሉ። ካይዘን የተባለውን የጃፓን የሥራ ማሻሻያ ዘዴ የጀመረ ፋብሪካ ውስጥ የገባ ሰው ግድግዳው ላይ «አምስቱ ማዎችን» ያነብባል፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ።

ካይዘን በጃፓን ድጋፍ መጀመሪያ በ30 ድርጅቶች ተሞከረ፤ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩትም በ2004 ዓ.ም. ተቋቋመ። የካይዘን መነሻ ማሽኑን ከማንም በላይ የሚያውቀው ማሽኑ ላይ የሚውለው ሠራተኛ ነው የሚል ነው። በቶዮታ የመገጣጠሚያ መስመር ጉድለት ያየ ሠራተኛ ገመድ ስቦ ኃላፊውን ይጠራል፤ ችግሩ ቶሎ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል።

እዚህስ? እንበል፣ የአንድ ማሽን ቤሪንግ ተሰበረ። ፎርማኑ ሞዴል 20 የተባለውን የዕቃ መጠየቂያ ቅጽ ይሞላል፣ የክፍል ኃላፊው ይፈርማል። ዕቃው መጋዘን ውስጥ መኖሩ እየታወቀ ወረቀቱ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ይሄዳል። ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ነው። ፈረቃው ያልቃል፣ ማሽኑ እንደቆመ ያድራል። በማግሥቱ «ምርት ለምን ቀነሰ?» ተብሎ የሚጠየቀው ያው ፎርማን ነው።

አለቃውን ብቻ መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ዕቃ ቢጎድል ኦዲተር ፊት የሚቆመው እሱ ነው። ሁሉን ነገር ላይ ያለው አለቃ ብቻ እንዲወስን የማድረግ ልማዱም በፋብሪካ ብቻ የተወሰነ አይደለም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ሚኒስትሮቻቸውን ራሳቸው እንዲመርጡ የፈቀዱት በ1958 ዓ.ም. ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ተብሎ ሚኒስትር የማይመርጥ! በኋላ የመጣው አንድ ለአምስት የተባለው የቡድን አደረጃጀትም የሠራተኛው ሐሳብ ወደ ላይ ይወጣበታል ተብሎ በብዙ ቦታ ሪፖርት መሰብሰቢያ ሆኖ ቀረ።

ታዲያ ሠራተኛው ምን ያድርግ? ሻይ ቤት ተቀምጦ አለቃን ማማት ሆድ ያቀልል ይሆናል እንጂ ማሽን አያስነሳም። ሁሉን ካልነካሁ የሚል አለቃ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈራው ያልሰማው ነገር ድንገት እንዳይደርስበት ነው። ስለዚህ ሳይጠየቁ ቀድሞ መንገር ይበጃል። ፈረቃ ሲያልቅ አጭር ማስታወሻ መተው ነው፦ ምን ቆመ፣ በምን ምክንያት፣ ለስንት ሰዓት። ወራት ሲያልፉ ያ ማስታወሻ ፊርማ ሲጠበቅ የባከነውን ሰዓት ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ያኔ «ከዚህ ዋጋ በታች ያለውን መለዋወጫ የክፍል ኃላፊው ይፍቀድ፣ ሥራ አስኪያጁ በሳምንቱ መጨረሻ ዝርዝሩን ይይ» ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል። አለቃው ሁሉንም ልቀቅ ሲባል ይደነግጣል፤ ለቤሪንግ ግን አይጨነቅም።

ቁጥጥሩ ወደ ዘለፋ ከተሻገረ ነገሩ ሌላ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ሰብዓዊ ክብር እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ የቅሬታ አቀራረብ ሥርዓትም በኅብረት ስምምነት ሊወሰን ይችላል። የአቃቂ ቃሊቲ ሠራተኛ ማኅበራት በሚቀጥለው ድርድራቸው ከደመወዝና ከሰርቪስ ጋር የፊርማውንም ጉዳይ ያንሱ።