ትንሿ ባቡር ለምን ታዘግማለች?

ባቡር ሰውና ዕቃ እንደሚጭን ሁላችንም እናውቃለን። ዛሬ የምናነበው ግን ስለ ትንሽ ባቡር ነው። በኮረንቲ የምትሄድ መጫወቻ ናት። ሆርንቢ ደብሎ ትባላለች። እንግሊዝ አገር፣ በሊቨርፑል ከተማ ትሠራ ነበር። ለገበያ የወጣችው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1938 ነው። በ1964 መሠራቷ ቀረ። ዛሬም ግን ከአያት ለልጅ ልጅ የተላለፉ አሉ።

ሞተሩ ያለው ፉርጎዎቹን በምትጎትተው ራስ ውስጥ ነው። የተሠራው ለ12 ቮልት ነው። ቮልት ማለት የኮረንቲ ግፊት መለኪያ ነው።

አሮጌዋ ባቡር ስታዘግም አንዳንድ ሰው ኮረንቲ ይጨምርባታል። ይህ አይበጅም። እግሩን ታሞ የሚያነክስ በሬ በጅራፍ ይድናል? አይድንም። ኮረንቲ ሲበዛ የሞተሩ ሽቦ ይግላል፤ ኋላም ይቃጠላል። የአያት ቅርስ ባንድ ቀን ይጠፋል። ስለዚህ ኮረንቲውን አጥፍተን፣ ከቀላሉ ጀምረን እንመርምር።

1. ሐዲዱ። የድሮው ሐዲድ ሦስት መስመር አለው። ኮረንቲው በመካከለኛው ይመጣል፤ በግራና በቀኙ ይመለሳል። ሐዲዱ ወይም ጎማው ከቆሸሸ ኮረንቲው በደንብ አያልፍም። አልኮል በነካ ጨርቅ ጥረጉት።

2. ዘይቱ። የቆየ ዘይት ደርቆ እንደ ሙጫ ይይዛል። የደረቀውን ጥረጉ። ከዚያ ቀጭን ዘይት አንዳንድ ጠብታ ብቻ አድርጉ። ከበዛ ወደ ካርቦኑ ፈሶ ያበላሻል።

3. ካርቦኑ። ሁለት ትንንሽ ካርቦኖች ለሚሽከረከረው የሞተር ክፍል ኮረንቲ ያቀብላሉ። ሲፋተጉ ያልቃሉ። ያለቀውን ለውጡ።

4. ማግኔቱ። ይህ የመጨረሻው ነው። ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ ባቡሯ መጎተት ካቃታትና ሞተሩ ቶሎ ከጋለ፣ ማግኔቱ ደክሞ ይሆናል። ልብ በሉ! የሚሽከረከረውን ክፍል መዛችሁ አታውጡ፤ ማግኔቱ ይብሱን ይደክማል። ይህን ለባለሙያ ተዉት።

አንዱን ሠርታችሁ ባቡሯን ሞክሩ፤ ከዚያ ወደ ሌላው እለፉ። ሁሉን ባንዴ ከነካካችሁ በሽታዋ የትኛው እንደነበረ አታውቁም።

የስፌት መኪናም ሲከብድ እንዲሁ ነው። አትታገሉት፤ መጀመሪያ ቆሻሻውንና ዘይቱን እዩ።

ጥያቄ፦
1. ኮረንቲ መጨመር ባቡሯን ለምን ይጎዳል?
2. ዘይት ሲበዛ ምን ይሆናል?
መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ።