የደቻቱ አሸዋ፦ ከየት ይነሳ፣ ምን ያህልስ ይቅር?

ከዚራንና መጋላን የሚለየው የደቻቱ ወንዝ በዓመቱ አብዛኛው ቀን ውኃ የለበትም። የከተማው ሰው አዘውትሮ የሚያየው ወለሉን ነው፤ እግረኛ የሚሻገርበት፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት፣ ፍየል የሚነዳበት፣ አካፋና ወንፊት የያዙ ሰዎች የሚሠሩበት ሰፊ የአሸዋ ሜዳ ነው። አሸዋው በቢያጆ ተለክቶ ወደ ግንባታ ቦታዎች ይሄዳል። ለሚያወጣው የዕለት እንጀራ ነው፤ ለሚገዛው ብሎኬት፣ ልስንና አርማታ ነው። ይኸው አሸዋ ወንዙ ውስጥ ተኝቶ ሳለ ግን ሌላ ሥራ አለው፤ ውኃ ያስቀምጣል፣ የድልድይና የጎርፍ መከላከያ ግንብ መሠረት ይሸፍናል። ይህ ሁለተኛው ሥራ በማንም ደረሰኝ ላይ ስለማይጻፍ ዋጋ የሌለው ይመስላል።

በኢትዮጵያ ከወንዝ የሚወጣ ሀብት ሲነሳ ቀድሞ የሚታሰበው ወርቅ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ለብሔራዊ ባንክ የሚቀርበው ወርቅ በብዙ እጥፍ ጨምሯል። በ2017 በጀት ዓመት ወርቅ ቡናን በልጦ የአገሪቱ ቀዳሚ የወጪ ንግድ ምርት ሆነ፤ ገቢውም 3.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ደረሰ። በዓለም ገበያ ደግሞ የአንድ ትሮይ አውንስ ዋጋ በመስከረም 2018 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ከ4,000 ዶላር በላይ ሆነ። እንዲህ ባለ ዘመን ማንም ሰው በደጁ ያለውን ወንዝ በሌላ ዓይን ቢያይ አያስገርምም።

በበለጸጉ አገሮች ወርቅ ማጠብ መዝናኛ ከሆነ ቆይቷል። በአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ግዛት አንድ ሰው ለአሥር ዓመት የሚያገለግል ፈቃድ አውጥቶ በዕረፍት ቀኑ ከቤተሰቡ ጋር ወንዝ ዳር ይወርዳል፤ ያገኘው ቅንጣት የራሱ ነው። ባያገኝም ቀኑ አልከሰረም። በኢትዮጵያ ግን በሻኪሶ፣ በአሶሳ ዙሪያ ወይም በጋምቤላ ዲማ ገበቴ ይዞ ወንዝ የሚገባ ሰው ለጨዋታ አይገባም። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002ም ባህላዊ ማዕድን ማምረትን የሚያየው እንደ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ሳይሆን ፈቃድ እንደሚያሻው የሥራ መስክ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነውና፣ ከወንዝ ወለል የሚነሳ ነገር ሁሉ፣ ወርቅም ይሁን አሸዋ፣ የአንሺው ብቻ ጉዳይ አይደለም።

ደቻቱ በወርቃቸው ከሚታወቁት ወንዞች ወገን አይደለም። የወንዝ ወርቅ የሚገኘው ከላይ ያለው ዐለት ወርቅ ሲኖረው ነው። የአዶላና የምዕራብ ኢትዮጵያ ወንዞች የሚወርዱት በዕድሜ እጅግ በገፉ፣ በሙቀትና በግፊት በተለወጡ ዐለቶች መካከል ነው። የደቻቱ ተፋሰስ ግን በብዛት የኖራ ድንጋይ፣ የአሸዋ ድንጋይና ባዛልት ያለበት ነው። ስለዚህ የድሬዳዋ ሰው ከወንዙ የሚያወጣው በግራም ሳይሆን በሜትር ኩብ የሚሸጠውን ነው።

ይሁንና የወርቅ አጣቢው ዘዴ ስለ ደቻቱ አንድ ነገር በግልጽ ያስረዳል። አጣቢው አፈሩን በገበቴ ውስጥ ከውኃ ጋር ያዞራል፤ ቀላሉ አፈር ከውኃው ጋር ይፈሳል፣ ከባዱ ከታች ይቀራል። የአሸዋ ቅንጣት ከውኃ በ2.6 እጥፍ ያህል ሲከብድ ወርቅ በ19 እጥፍ ይከብዳልና መለየቱ አያስቸግርም። የደቻቱ ጎርፍም ይህንኑ ያደርጋል፤ የሚለየው ግን በክብደት ሳይሆን ይበልጡን በቅንጣቱ ትልቅነት ነው። ከደንገጎ ተራሮች፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከሚበልጥ ከፍታ፣ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ድሬዳዋ በአጭር ርቀት ተወርውሮ ይወርዳል። የደንገጎን ጠመዝማዛ መንገድ በመኪና የወረደ ሰው ቁልቁለቱን ያውቀዋል። ውኃው በዚያ ፍጥነት ሳለ ድንጋዩንም፣ አሸዋውንም፣ ለም አፈሩንም አንድ ላይ ያመጣል። መሬቱ ሲለጥጥ ጉልበቱ ይቀንስና በመጀመሪያ ድንጋዩን፣ ቀጥሎ ጠጠሩን፣ ከዚያም አሸዋውን ይጥላል። ደለልና ሸክላ አፈር የሆነው ረቂቁ ክፍል ግን ከተማውን አልፎ ወደ ሽንሌ ሜዳ ይሄዳል።

ለገበሬው ቁም ነገሩ ይህ ነው። ማሽላውንና ጫቱን የሚያበቅለው ረቂቁ አፈር ነው፤ ምግብና እርጥበት የሚይዘው እርሱ ነውና። በከተማው ወለል ላይ የሚቀረው አሸዋ የተራራው ማሳ ከነእርከኑ ሲታጠብ የተረፈው ግርድ ነው። በሌላ አነጋገር ከከተማው አሸዋ እያንዳንዱ ቢያጆ በስተኋላ ከማሳ የተወሰደ አፈር አለ። አሸዋው ሲሸጥ ግን ማሳው የተሸረሸረበት ገበሬ ከዋጋው ምንም አይደርሰውም። ስለ ደቻቱ አሸዋ የሚደረገው ንግግር አብዛኛውን ጊዜ በድልድይና በመኪና ስለሚጀምርና ስለሚያበቃ ይህ ይዘነጋል።

አሸዋው ውስጥ የሚያድረው ውኃ

ድሬዳዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውኃ ነው። የሳቢያን ጉድጓዶች ለዓመታት ከተማዋን አጠጥተዋል። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ በሌለበት አካባቢ የክረምትና የበልግ ጎርፍ ወደ መሬት ከሚሰርግባቸው ዋና ዋና መንገዶች አንዱ የደረቁ ወንዞች አሸዋ ነው። ሻካራ የወንዝ አሸዋ በቅንጣቶቹ መካከል ባለው ክፍተት ከአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ከ200 እስከ 300 ሊትር ውኃ ይዞ ሊለቅ ይችላል። በዚህ ስሌት 16 ሜትር ኩብ የሚጭን አንድ ሲኖትራክ ተሞልቶ ሲወጣ፣ ቢያንስ ሦስት ሺህ ሊትር ውኃ ሊያድርበት ይችል የነበረ ቦታ አብሮ ይሄዳል።

ውኃው አሸዋ ውስጥ መቀመጡ ሌላም ጥቅም አለው። በድሬዳዋ ፀሐይ በግልጽ ኩሬ የተኛ ውኃ ቶሎ ይተናል። ከአሸዋው ወለል ከግማሽ ሜትር በላይ ወርዶ የተቀመጠ ግን ከፀሐይ የተጠበቀ ነው። በኬንያ ማቻኮስና ኪቱይ ገበሬዎች ይህንን አውቀው በደረቅ ወንዞች ላይ ዝቅተኛ ግንብ እየሠሩ አሸዋ ያጠራቅማሉ፤ ሰውና ከብት በበጋ የሚጠጣው ከዚያ አሸዋ ውስጥ ነው። እነርሱ አሸዋ እንዲቀር ገንዘብና ጉልበት ያወጣሉ። በእርግጥ ጎርፍ በየዓመቱ አዲስ አሸዋ ያመጣልና ጉድጓዱ ይሞላል የሚል ክርክር አለ፤ እውነትነትም አለው። ሆኖም የሚሞላው የሚወጣው ከሚመጣው ካልበለጠ ነው። የተቆፈረው ጉድጓድ ከጎርፉ በፊት በቆሻሻ ከተሞላ ደግሞ ወደ ከርሰ ምድር የሚሰርገው ንጹሕ ውኃ አይሆንም።

ግንቡና አካፋው

በድሬዳዋ ስለ ደቻቱ ሲነገር ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሳይነሳ አይታለፍም። በዚያ ሌሊት ከደጋው የወረደው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ በሺዎች የሚቆጠሩትን ቤት አልባ አደረገ። ብዙዎቹ የተወሰዱት በተኙበት ነው። ከዚያ በኋላ በወንዙ ግራና ቀኝ የጎርፍ መከላከያ ግንቦች ተሠሩ፤ ዛሬ ከተማው በክረምት ሌሊት ተማምኖ የሚተኛው በእነርሱ ነው።

ግንብ የሚቆመው በመሠረቱ ነው፤ የወንዝ ዳር ግንብ መሠረት ደግሞ የተሸፈነው በዚያው አሸዋ ነው። ከግንቡ ሥር አሸዋ ሲነሳ ጎርፉ ያንን ዝቅ ያለ ቦታ አግኝቶ ይቦረቡራል፤ ግንቡ የሚወድቀው ከላይ በሚመጣ ግፊት ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ባዶ ሲሆን ነው። የድልድይ ምሰሶም እንዲሁ ነው። ጉዳቱ ደግሞ አሸዋው በተነሳበት ቦታ ብቻ አይቀርም። ጥልቅ ጉድጓድ በወንዝ ወለል ላይ ሲቆፈር ጎርፉ ከጉድጓዱ አፍ ጀምሮ ወደ ላይ እየበላ ይሄዳል፤ ከመቶ ሜትር በታች የተቆፈረ ጉድጓድ ከላይ ያለውን ምሰሶ ሊያራቁት ይችላል።

እስካሁን የተባለው አሸዋ ከነጭራሹ አይነካ የሚያሰኝ ይመስላል። አይደለም። ጎርፍ በየዓመቱ የሚጥለው አሸዋ ካልተነሳ የወንዙ ወለል ከፍ ይላል፤ ወለሉ ከፍ ባለ መጠን ግንቡ ያጥራል፣ የድልድዩም አፍ ይጠብባል። ያኔ አነስተኛ ጎርፍ እንኳ ከግንቡ በላይ ሊዘል ይችላል። አሸዋ በተከመረበት ቦታ አካፋ የያዘው ወጣት ለከተማው ውለታ እየሠራ ነው፤ ያውም ከተማው ለማሽን ኪራይ ሊያወጣ የሚችለውን ወጪ በራሱ ጉልበት እየሸፈነ። ስለዚህ ማገድም መፍቀድም በደፈናው ስሕተት ነው። የሚያስፈልገው መለኪያ ነው፤ በየድልድዩና በየግንቡ ላይ በቀለም የተሠመረ፣ አሸዋው ከዚህ በላይ ሲሆን ይነሳ፣ ከዚህ በታች ሲሆን አይነካ የሚል መስመር። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያሻም፤ ቀለም፣ ሜትርና በየክረምቱ ማብቂያ ወርዶ የሚያይ ባለሙያ ይበቃል።

አሸዋ አውጪው ራሱስ? በደቻቱ ወለል ላይ መሥራት ከሰማይ ይልቅ ተራራውን ማየት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ድሬዳዋ ላይ ፀሐይ እየወጣ ደንገጎ ላይ ሊዘንብ ይችላል፤ ጎርፉ ከተማው የሚደርሰው ዝናቡ ሳይታይ ነው። ግማሽ የተጫነ መኪና፣ የተከመረ አሸዋ፣ የተበደሩት መሣሪያ እያለ ትቶ መውጣት ለድኻ ሰው ቀላል ውሳኔ አይደለም። በላይኛው ተፋሰስ ካሉ ነዋሪዎች የሚደወል አንድ ስልክ ከየትኛውም ማስጠንቀቂያ ይቀድማል። ስልኩ የሚደወለው ግን የሚደውለውና የሚቀበለው አስቀድመው ሲታወቁ ነው። በማኅበር ተደራጅቶ፣ በታወቀ ቦታ፣ በታወቀ ሰዓት የሚሠራ ቡድን ይህን ጥሪ ሊቀበል ይችላል። በሌሊት ተደብቆ የሚጭን ማን እንደሆነ ስለማይታወቅ ማንም አይደውልለትም። ደንብ ማውጣት ከገቢ መሰብሰብ በፊት ለአሸዋ አውጪው ሕይወት የሚጠቅመው ስለዚህ ነው።

የሥልጣን ድንበሩ ነገሩን ያወሳስበዋል። ዝናቡ የሚዘንበው በኦሮሚያ ክልል ምሥራቅ ሐረርጌ ደጋ ነው። ጎርፉ የሚያልፈው በአዋጅ ቁጥር 416/1996 በተቋቋመችው የድሬዳዋ አስተዳደር የገጠርና የከተማ ቀበሌዎች ነው። ደለሉ የሚያርፈው በሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን ነው። አንዱ ወንዝ ሦስት አስተዳደሮችን ሲያቋርጥ ከተማው ለራሱ ወለል ብቻ የሚያወጣው ደንብ ግማሽ ደንብ ነው። ከላይ እርከን ካልተሠራ አሸዋው ማቆሚያ የለውም፤ አሸዋው በከተማው ከልክ በላይ ከተራቆተ ደግሞ ጎርፉ ሸክሙን ጥሎ ስለሚቀል ከታች ያለውን የሽንሌ አርብቶ አደር መሬት ይቦረቡራል።

ከአሸዋ ሽያጭ የሚገኘው የመንግሥት ገቢ ጥቂቱ እንኳ ወደ ተራራው ተመልሶ ለእርከንና ለችግኝ ቢውል፣ ገበሬው ካጣው አፈር ዋጋ አንድ ነገር ያገኝ ነበር፤ ከተማውም የሚመጣበት ጎርፍ ይቀንስለት ነበር። በአገሪቱ በየዓመቱ የሚካሄደው የተፋሰስ ልማት ዘመቻ በገበሬው ነፃ ጉልበት ላይ የቆመ ነው። ከታች ያለው ተጠቃሚ ለዚያ ጉልበት የሚከፍልበት መንገድ አለመኖሩ ለእርከኖቹ ዕድሜ ማጠር አንዱ ምክንያት ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። የማይጠቅመውን እርከን በየዓመቱ ማን ይጠግናል?

የግንባታው ፍላጎት ግን አይጠብቅም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2022 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጣው ሪፖርት ዓለም በዓመት 50 ቢሊዮን ቶን አሸዋና ጠጠር እንደምትጠቀም ገልጿል፤ በብዛት ከአሸዋ የሚቀድመው ውኃ ብቻ ነው። ድሬዳዋም የሲሚንቶ ከተማ ናት፤ ሲሚንቶ ባለበት አሸዋ ይፈለጋል። በዙሪያዋ ካለው ድንጋይ ተፈጭቶ የሚሠራ አሸዋ ለብሎኬትና ለአርማታ ያገለግላል፤ ወፍጮና ኤሌክትሪክ ስለሚፈልግ ግን በአካፋ ከሚነሳው የወንዝ አሸዋ ይወደዳል። የወንዙ አሸዋ የረከሰው የውኃውና የግንቡ ዋጋ ስላልታሰበበት መሆኑን ልብ ላለ ሰው የዋጋ ልዩነቱ የሚመስለውን ያህል ሰፊ አይደለም።

የሐረርጌ ደጋ በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘንብበታል፤ በበልግና በክረምት። በሁለቱ መካከል ያሉት ደረቅ ሳምንታት አሸዋ የሚወጣባቸውም ግንብ የሚፈተሽባቸውም ናቸው። የመሬት፣ የውኃና የግንባታ ባለሙያዎች ከአሸዋ አውጪ ማኅበራት ጋር ወርደው የትኛው ድልድይ ሥር እንደተደለለ፣ የትኛው ግንብ እግር እንደተራቆተ መለየት የሚችሉት በእነዚያ ሳምንታት ብቻ ነው። ሐምሌ ከገባ በኋላ ወለሉ የሰው ሳይሆን የወንዙ ነው።