ዘር የሚመረጠው ከማሳ ነው!

እኛ የዋጃ ልጆች ማሽላ ሲያሽት ማማ ላይ ወጥተን ወፍ እንጠብቃለን። ስለዚህ አረማሞን ከአባቶቻችን ቀድመን የምናየው እኛ ነን። አረማሞ ማለት በፍሬ ፈንታ ጥቁር ዱቄት የቋጠረው ዛላ ነው።

ብዙ ሰው «የዝናቡ ጣጣ ነው» ይላል። እኔ አልስማማም። በሽታው ያለው ዘሩ ላይ ነው። የታመመው ዛላ ከጤነኛው ጋር ሲወቃ ዱቄቱ ቦኖ ደህናው ፍሬ ላይ ይጣበቃል። ያ ፍሬ ሲዘራ በሽታው ከቡቃያው ጋር አብሮ ያድጋል፤ እስኪያሽት ግን አይታይም። ያኔ ምን ይደረጋል? ምንም!

ስለዚህ ዘር መመረጥ ያለበት በመዝሪያ ሰሞን ከጎተራ ሳይሆን ከአጨዳ በፊት ከማሳ ነው ባይ ነኝ። ደጋሊትም ይሁን ጅጉርቴ፣ ጤነኛውን ዛላ ለይተን ለብቻው እንውቃ። ነቀዝ እንዳይበላው ደግሞ ዛላውን እንዳለ ከምድጃ በላይ ጭስ ላይ እንስቀል፤ የሚወቃው ሊዘራ ሲል ነው። አንዳንድ ገበሬዎች ዘሩን በከብት ሽንት ይነክሩታል። ይሄን የሚንቅ አለ፤ ተመራማሪዎች ግን ሞክረው አረማሞን እንደሚቀንስ አይተዋል። በመድኃኒት የታሸ ዘር ከተረፈ ግን አይበላም፣ ለዶሮም አይሰጥም!

ተማሪዎች፣ አረማሞ ስናይ ሳናራግፍ በፌስታል ሸፍነን እንቁረጠው፣ ይቃጠል። ወፍ ማባረር ብቻ አይበቃም!