ፍሪጁን ስንልክ መከላከያውን ለምን እንረሳለን?
በውጭ አገር የምንኖር ብዙዎች ለወላጆቻችን ፍሪጅና ልብስ ማጠቢያ ገዝተን፣ መብራት ሲጠፋ እንዳይቸገሩ ጄኔሬተር እንጨምርላቸዋለን። ወራት ሳይቆጠሩ «ፍሪጁ ተቃጠለ» የሚል ስልክ ይመጣል፤ ወቀሳውም በፋብሪካው ላይ ያርፋል። በእኔ እምነት ግን አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው ፍሪጁና ጄኔሬተሩ የሚገናኙበት መንገድ ነው።

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነው። የተለመደው አነስተኛ የቤንዚን ጄኔሬተር 50 ሄርዙን የሚያገኘው ሞተሩ በደቂቃ 3000 ጊዜ ያህል ሲሽከረከር ነው። አደጋው የሚበረታው ሲነሣና ሲቆም ነው። ሞተሩ ሳይረጋ ጭነት ከተሰጠው፣ ወይም ነዳጅ አልቆበት እየተንተፋተፈ ከቆመ፣ ቮልቴጁ ይዋዥቃል። ቮልቴጁ ሲያንስ የፍሪጁ ኮምፕሬሰር መነሣት ተስኖት ብዙ ኤሌክትሪክ እየሳበ ይግላል፤ በዘመናዊ ማሽን ውስጥ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ቦርድም ለመዋዠቁ ይጋለጣል። ስለዚህ ጄኔሬተሩ ባዶውን ተነሥቶ ለጥቂት ደቂቃዎች ይሥራ፤ ከዚያ ዕቃዎቹ አንድ በአንድ ይሰኩ፤ ከማጥፋት በፊትም ይነቀሉ። ይህ ምንም ወጪ የለውም፤ ሆኖም ለእናቶቻችን በስልክ ስናስረዳ ሰምቼ አላውቅም።

በየሱቁ «መከላከያ» ተብሎ የሚሸጠው ባለብዙ ሶኬት ማከፋፈያ አያሳምነኝም። ቅጽበታዊ የቮልቴጅ ዝላይን ይቀንስ ይሆናል፤ ለደቂቃዎች የሚዘልቅ ከፍታን ወይም ዝቅታን ግን አያስተካክልም። ለፍሪጅ የሚበጀው ቮልቴጁ ከወሰን ሲወጣ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጥ፣ ሲመለስም ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አዘግይቶ የሚለቅ መሣሪያ ነው፤ መዘግየቱ በኮምፕሬሰሩ ውስጥ ያለው ግፊት እንዲረግብ ጊዜ ይሰጣል። ስታቢላይዘርም ቢሆን የሚያርመው ቮልቴጅን እንጂ ሄርዝን አይደለም። አቅም ላለው ኢንቨርተር ጄኔሬተር ይሻላል፤ ሞተሩ ቢፈጥንም ቢዘገይም የሚወጣውን ኃይል በኤሌክትሮኒክስ ያረጋዋልና።

ከአሜሪካ በኮንቴይነር የሚጫነው ማሽን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የተሠራው ለ120 ቮልት፣ ለ60 ሄርዝ ነው፤ ትራንስፎርመር ቮልቴጁን ዝቅ ቢያደርግም 50 ሄርዙ እንዳለ ይቆያል። እዚያው አገር ቤት መግዛት ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

ጄኔሬተሩን በግድግዳ ሶኬት በኩል ወደ ቤቱ መስመር የሚሰዱም አሉ። መብራት በመጣ ጊዜ ሁለቱ ኃይሎች ይጋጫሉ፤ ከዚያ በፊትም ኤሌክትሪኩ ወደ ውጭ ወጥቶ ምሰሶ ላይ ያለውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል። ቀጣዩን ገንዘብ ስንልክ በባለሙያ ለሚገጠም የመስመር ማቀያየሪያ የሚሆነውንም እንላክ።