ትኩስ ውሻ ከነኮተቱ

የዛሬው ወጋችን ስለ ፖለቲካ አይደለም፤ ስለ ሆድ ነው። ከሆድ ተነስተን ሳናስበው ፖለቲካው ውስጥ ብንገባ ግን ጥፋቱን በኔ እንዳታላክኩ።

አሜሪካ በገባሁ ሰሞን እናቴ በስልክ «ዛሬ ምን በላህ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ሳላስብ «ሆት ዶግ» አልኳት። አጠገቧ ያለው የእህቴ ልጅ እንግሊዝኛውን ቃል በቃል ተረጎመላት። ጥቂት ዝም ካለች በኋላ «ልጄ፣ እንዲህ ቸግሮሃል እንዴ?» አለችኝ። ዳቦ ውስጥ የሚገባ ቋሊማ መሆኑን ለማስረዳት የአሥር ዶላር የስልክ ካርድ ጨረስኩ።

ይህን ያስታወሰኝ ባለፈው ወር ሠፈሬ ውስጥ ያገኘሁት ጋሪ ነው። የምኖረው ዴንቨር ጥግ፣ ኦሮራ ከተማ ነው። እዚህ የሚኖር አንባቢ እንደሚያውቀው፣ በአካባቢያችን እንጀራ ለመግዛትም ሆነ ቡና ለመጠጣት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ወደ ዴንቨር 40 ሺህ ገደማ ስደተኞች ገብተዋል፤ አብዛኞቹ ቬንዙዌላውያን ናቸው። ኪራይ ይረክሳል ብለው ብዙዎቹ ወደ እኛው ሠፈር መጡ። በ2024ቱ የምርጫ ዘመቻ ኦሮራ «በቬንዙዌላ ወሮበሎች የተያዘች ከተማ» ተብላ ስሟ በዓለም ናኘ። የከተማዋ ባለሥልጣናት ወሬው ከልክ በላይ ተጋኗል ብለው ቢከራከሩም የሰማቸው ጥቂት ነው።

የኛ ሰው ምን አለ? እውነቱን እንነጋገር። ቡና ቤታችን ውስጥ «ሠፈራችንን አበላሹት» ያላለ የለም። እኔም ብያለሁ። በሆላንድ አገር ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት፣ ወሬን ሳያጣሩ መጻፍ ነውር ነው እያልኩ ስንት ጀማሪ ዘጋቢ የተቆጣሁት ሰውዬ፣ አንድም ቬንዙዌላዊ ሳላነጋግር ብያለሁ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለት እንግዲህ ይኸው ነው።

አንድ ቅዳሜ ማታ ከሥራ ስመለስ ከኮልፋክስ ጎዳና ገባ ብሎ ካለ ነዳጅ ማደያ ጎን አምፖል የተንጠለጠለበት ጋሪ አየሁ። ሽታው ነው የጠራኝ። ባለጋሪው አርባ ዓመት የሚሆነው ሰው ነው፤ እንግሊዝኛው «ሄሎ» እና «ታንክ ዩ» ላይ ይቆማል። ከጎኑ ዐሥር ዓመት ገደማ የሆነው ልጁ በርጩማ ላይ ቆሞ ያስተረጉማል። በልጁ አፍ የሚነጋገር አባት እኛም ቤት ሞልቷልና ለኔ እንግዳ አልሆነብኝም።

የመጀመሪያ ጥያቄዬ የታወቀ ነው፤ «አሳማ አለበት?» ልጁ አባቱን ጠየቀና «የለም፣ የበሬ ነው» አለኝ። ስሙን ብጠይቀው «ፔሮ ካሊየንቴ» አለ። ትርጉሙስ? «ትኩስ ውሻ!» እናቴ በሕይወት ኖራ ይህን በሰማች።

አሠራሩን ልንገራችሁ። ቋሊማው ሙቅ ውሃ ውስጥ ይቆያል። ዳቦው በእንፋሎት ይሞቅና እንደ ጥጥ ይለሰልሳል። ቋሊማው ከገባ በኋላ በደቃቁ የተከተፈ ጥሬ ሽንኩርት፣ ቀጥሎ በስሱ የተከተፈ ጥቅል ጎመን፣ በላዩ እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነና የተንኮሻኮሸ የድንች ጥብስ ይነሰነሳል። ከዚያ ጠርሙሶቹ ይመጣሉ፤ ካቻፕ፣ ሰናፍጭ፣ ማዮኔዝ፣ የነጭ ሽንኩርት ስጎ፣ ከአቮካዶ የሚሠራው አረንጓዴው ጉዋሳካካ። መጨረሻ ላይ የተፈቀፈቀ ፎርማጆ። «ኮን ቶዶ?» ይልሃል፤ «ሁሉም ይግባበት?» ማለቱ ነው። እኔ «ከነኮተቱ» ብዬ ተረጎምኩት። አበላሉ ዘዴ ይጠይቃል፤ ሸሚዙን የሚወድ ሰው እንደ ጠጅ ጠጪ ጎንበስ ብሎ ይብላ። ድንቹ ይንኮሻኮሻል፣ ጎመኑ ይቀዘቅዛል፣ ነጭ ሽንኩርቱ አፍንጫ ይይዛል። ሁለት በላሁ።

ወረፋው ጋብ ሲል ወግ ጀመርን። በአገሩ ከተሞች እንዲህ ያሉ ጋሪዎች በሌሊት ተደርድረው የሚሸጡበት መንገድ «ካዬ ዴል አምብሬ» ይባላል አለኝ፤ «የረሃብ ጎዳና»። ስሙ የወጣው በጥጋብ ዘመን፣ ከጭፈራ መልስ የሚርበው ወጣት የሚሰበሰብበት ስለነበረ ነው። ቬንዙዌላ እኮ በ1960 ኦፔክን ከመሠረቱት አምስት አገሮች አንዷ ናት። ኋላ ግን ቀልዱ እውነት ሆነ። የገንዘቧ ዋጋ ከመውደቁ የተነሳ በ2008 ሦስት ዜሮ፣ በ2018 አምስት፣ በ2021 ደግሞ ስድስት ዜሮ ከቦሊቫሩ ላይ ተሰረዘ፤ ድምሩ 14 ዜሮ። የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ባደረጉት ጥናት በ2017 ክብደት የቀነሰው ሕዝብ በአማካይ 11 ኪሎ ከሰውነቱ ጎድሏል። ከሰባት ሚሊዮን በላይ ሰው አገሩን ጥሎ ወጣ። ብዙዎቹ እኛም ልጆቻችን ባለፉበት በዚያ በፓናማ ጫካ በእግራቸው ነው የመጡት።

ይህን ስሰማ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከ1984 በኋላ በሄድንበት ሁሉ ስማችን «ረሃብ» ነበር። ፈረንጅ ሲያየን የሚያየው በቴሌቪዥን ያየውን ነው። እኛ በዚያ ስንት ዓመት ተቃጥለን ስናበቃ ለነዚህ ሰዎች ደግሞ «ወሮበላ» የሚል ስም ስናዳርስ አላፈርንም።

ልሄድ ስል ልጁ ከጋሪው ሥር የታጠፈ ደብዳቤ አወጣ። «አንተ ታነባለህ?» አለኝ። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጣ ነው። ለቬንዙዌላውያን በ2021 የተሰጠው ቲፒኤስ የተባለ ጊዜያዊ ከለላ በ2025 እንዲያበቃ ተወስኗል። ለእኛ ሰዎች በ2022 ተሰጥቶ የነበረውም ያው ዓመት ሊያልቅ ሲል እንዲያበቃ ተነግሯል። ልጁ ሌላውን ሁሉ ለአባቱ አንብቦለታል፤ «ይቋረጣል» የሚለውን ቃል ብቻ በእስፓኞል ምን እንደሚባል አያውቀውም። ወይም አውቆ አልተናገረውም። እኔም ቶሎ አልመለስኩለትም። በመጨረሻ አባቱን እያየሁ በእጄ የመቁረጥ ምልክት አሳየሁ።

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። ደብዳቤውን አጥፎ ሰናፍጩ ጠርሙስ ሥር አስቀመጠውና ቀጥሎ የመጣውን ደንበኛ «ኮን ቶዶ?» አለው።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ ያልኩትም ይህንኑ ነው። በነፃ የሚያማክር ጠበቃ እንዲፈልግ፣ ያለ ጠበቃ ምንም ወረቀት እንዳይፈርም ነገርኩት። ገንዘብ ስሰጠው አልቀበልም አለ። «ኧረ በእግዜር!» አልኩ በአማርኛ፤ እሱም በእስፓኞል መለሰልኝ። «እኔ ልክፈል፣ እኔ ልክፈል» የሚለው ግብግብ አስተርጓሚ እንደማያስፈልገው ያን ጊዜ አወቅሁ። አሸንፌ ብሩን ጠርሙሶቹ መሃል ጥዬ ሮጥኩ።

በሳምንቱ ዓርብ ቡና ቤት ውስጥ ከሁላችን ይበልጥ ያማርሩ የነበሩትን አንድ ጋሼ ይዣቸው ሄድኩ። «ዛሬ ጾም ነው፣ ደግሞ ውሻ ልታበላኝ ነው?» አሉኝ። ለልጁ ሥጋውን፣ ማዮኔዙንና ፎርማጆውን እንዲተው ነገርኩት። ጎመን፣ ሽንኩርት፣ ድንች፣ ሰናፍጭና አቮካዶ ገብቶበት የጾም ውሻ ተሠራ። ጋሼ አንድ ጎርሰው ዝም አሉ። ሌላ ጎረሱ። ከዚያ ዘወር ብለው ልጁን አዩትና፣

«ትምህርት ቤት ይሄዳል?» አሉኝ።

«ይሄዳል፣ ጋሼ።»

«ሰናፍጩ ከኛ ይቀጥናል» አሉና ሁለተኛ አዘዙ። ቡና ቤት ስንመለስ ያ የተለመደው ወሬ ሲነሳ ግን «ተዉ እናንተ፣ ነግ በኔ በሉ!» ብለው የቆጡት እሳቸው ናቸው።

እኔ የምጨምረው የለኝም። ወደዚያ ብቅ የሚል አንባቢ ካለ ቅዳሜ ማታ ይሂድ፤ ሸሚዙን ይጠብቅ። በሚቀጥለው ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።